ዘጠኝ ያልተከፈቱ ብልቃጦች

ሰመራ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለጋሽ ቢያድግልኝ፤
አዋሽ፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ሰፈር።

ጋሼ፣ ጉልበትዎን ስሜ እጀምራለሁ። እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ከሰመራ ሙቀትና ከአቧራው ነፋስ በቀር የሚጣላኝ የለም። ጆሮዎ ስልክ እምቢ ካለ ወዲህ ሳንነጋገር ስድስት ወር ሆነን። ብጮህም «ማነሽ?» ብለው ይዘጉብኛል። ስለዚህ ወደ ድሮው ወረቀት ተመልሻለሁ።

ይህን የሚያደርስልዎ ከድሩ ይባላል፤ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከጅቡቲ ጭኖ በገላፊ ሲገባ ሰመራን ያልፋል፣ አዋሽ ላይ ደግሞ ምሳውን ይበላል። ሲመለስ መልስዎን ይቀበላል። ሰው አክባሪ ነው፤ ወሬ ስለሚወድ ግን ቶሎ አይለቅዎትም።

የያዘው ጥቁር ቦርሳ ውስጥ ያለው አሮጌው ላፕቶፔ ነው። አይደንግጡ። ባለቤትዎ እትዬ አባይነሽ ካረፉ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ተፋጥጠው እንደሚውሉ ጎረቤትዎ አሰፋሽ ነግራኛለች። ላፕቶፑ ውስጥ አንድ ጨዋታ ብቻ አለ፤ የሠራሁትም እኔ ነኝ። ቀን የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ስጠግን እውላለሁ፣ ከሥራ ስመለስ ይህን እሠራለሁ። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ከእኔ በቀር የተጫወተው ሰው የለም። በልጅነቴ አረንጓዴውን ባንዲራ አስይዘው ባቡር ያስነሱኝ እርስዎ ስለሆኑ፣ የመጀመሪያው ተጫዋችም እርስዎ እንዲሆኑ ፈለግሁ። ሰው «ምንሽ ናቸው?» ሲለኝ «የአባቴ የአጎት ልጅ» እላለሁ፤ አባቴ ይታያል ካለፈ ወዲህ ግን ዘመድ ስል ፊቴ ድቅን የሚሉት እርስዎ ነዎት።

ጨዋታው ሥዕል የለውም፣ ፊደል ብቻ ነው። «ሰ» እርስዎ ነዎት። ነጥብ ነጥቡ መሬት ነው፣ መስመሩ ግድግዳ። «አ» አይጥ፣ «እ» እባብ፣ «ጅ» ጅብ ነው። ጉድጓዱ አሥራ ሁለት ፎቅ አለው፤ የሚቆጠረው ግን ወደ ታች ነው። በገቡ ቁጥር ክፍሎቹ በአዲስ መልክ ይሠራሉ፤ ትናንት የሄዱበት መንገድ ዛሬ የለም። ከሞቱም ሞቱ ነው፣ ከላይ ይጀምራሉ።

መጀመሪያ አሥር ነጥብ ይሰጥዎታል። ለጉልበት፣ ለፍጥነትና ለጽናት ያካፍሏቸዋል። እኔ ጉልበት ላይ ስከምር ሦስተኛው ፎቅ ሳልደርስ ነበር የምሞተው። ጽናት ላይ አምስት ያድርጉ፣ ይስሙኝ።

እግርዎስ? ሚስማር የወጋዎት ቦታ ዳነ ወይ? ስኳር ያለበት ሰው ቁስል አይንቅም። ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ክኒን ሳያቋርጡ ይውሰዱ።

ልጅዎ ኮከብ ይታያል


አዋሽ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኮከብ።

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ሰላም ለጣቶችሽም ይሁን፣ ጉድ የሠሩ ጣቶች ናቸው። እደጊ፣ ተመንደጊ፤ ክፉ አይይሽ። እኔ ደህና ነኝ። ከድሩ ላፕቶፑን ከፍቶ አሳይቶኝ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ አውርቶኝ ሄደ። ካወራው አንዱንም አልሰማሁም፤ እየሣቀ ስለነበር እኔም ሣቅሁለት።

አሥራ አራት ጊዜ ሞቻለሁ። ስድስቱን ጊዜ የገደለኝ አይጥ ነው። በሰባ አንድ ዓመቴ በአይጥ ተነክሼ ስሞት ይታይሽ። ምክርሽን አልሰማሁም፤ ስምንቱን ነጥብ ጉልበት ላይ ቆለልኩት። ሽማግሌ ምን እንደሚመኝ ታውቂያለሽ። ስምንት ጉልበት ይዤ አይጡን አንዴ ስመታ ይሞታል፣ ሌሎቹ ሦስቱ ግን ከኋላ ይዘነጥሉኛል።

አሁን የሆነውን ስሚኝ። ሠላሳ አራት ዓመት የሠራሁበት መስመር ነጠላ ነው። በነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡር አይገናኝም። ከፊት ያለው መንገድ ባዶ መሆኑ ሳይረጋገጥ ከአዋሽ የሚነሳ ባቡር የለም፤ አስነሺውም እኔ ነበርኩ። ትናንት አይጦቹ ክፍሉ መሀል ከበውኝ ሳለ ጠባቧን መተላለፊያ አየሁና «ምናለ እዚያ ብገባ?» አልኩ። ገባሁ። ግራና ቀኜ ግድግዳ፣ ፊቴ አንድ ብቻ የሚያሳልፍ መንገድ። እነሱም አንድ በአንድ መጡ፣ እኔም አንድ በአንድ አስተናገድኳቸው። ያን ቀን አራተኛው ፎቅ ደረስኩ። ነጥቡንም እንዳልሽው ጽናት ላይ አድርጌዋለሁ፤ ይቅርታ ይደረግልኝ።

አራተኛው ፎቅ ላይ ጥቁሩ ውስጥ «ጅ» ብቅ አለች። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት ፊደል ናት፤ ስንት የጭነት ወረቀት ላይ ጽፌያታለሁ። ነጥቦቹን አንድ በአንድ እየዘለለች ወደ እኔ ስትመጣ ፀጉሬ ቆመ። በር ሲንኳኳ የማልሰማው ሰውዬ ኮቴዋን የሰማሁ መሰለኝ። ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ ተነሣሁ። ልጄ፣ ይህን ከየት አመጣሽው? በፊደል ብቻ ሰው ይህን ያህል እንዲፈራ ማድረግ እንደሚቻል አላውቅም ነበር።

እግሬ ደህና ናት።

ጋሽሽ ቢያድግልኝ


ሰመራ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ።

ጤናዎ እንደ ምኞቴ ይሁንልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ውኃ ሦስት ቀን ጠፍቶብን ትናንት መጣ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሳነበው ሰው ቢያየኝ አበደች ይለኝ ነበር፣ ብቻዬን ስሥቅ ነበርና። የመተላለፊያዋን ነገር እኔ የደረስኩባት ከአራት ወር በኋላ ነው፣ ያውም የሠራሁት ራሴ ሆኜ። እርስዎ በዘጠኝ ቀን አገኟት። የባቡር ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያውቅ መገመት ነበረብኝ።

አሁን ሁለተኛውን ትምህርት ልስጥዎ። መሬት ላይ ብልቃጦች ያገኛሉ። ስም የላቸውም፣ ቀለም ብቻ። ዛሬ ፈውስ የሆነው ቀይ በሚቀጥለው ጨዋታ መርዝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ላይኛዎቹ ፎቆች ላይ፣ አደጋው ትንሽ ሳለ፣ ከደረጃው አጠገብ ቆመው ይቅመሷቸው። ፈውሱን ካወቁ በኋላ ደግሞ ደምዎ ግማሽ ሲደርስ ይጠጡት እንጂ እስኪንጠፈጠፍ አይጠብቁ። የበረታ ነገር ከመጣብዎ በመጡበት ደረጃ ወደ ላይ ይውጡ። ማፈግፈግ ነውር አይደለም።

ላፕቶፑ ጎን የተሰካችውን ፍላሽ ከመልስዎ ጋር ይላኩልኝ፣ ለእርስዎ ሌላ ልኬያለሁ። ጨዋታው እያንዳንዱን ሞት ይመዘግባል፤ የት እንደሚከብድ አይቼ አስተካክላለሁ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ስለ አይጥ አንድ ገጽ ጽፈው ስለ እግርዎ ሦስት ቃል ጻፉልኝ። ይህ አልተመቸኝም።

ልጅዎ ኮከብ


አዋሽ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኮከብ።

የአባትሽ አምላክ ከፊት ከኋላሽ ይሁን። እኔ አለሁ። ፍላሿን ከድሩ ኪሱ ውስጥ ከቶልሻል፣ እንዳይጥላት በመሐረብ ቋጥሬ ሰጥቼዋለሁ።

ሰባተኛው ፎቅ ደረስኩ። እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ደረጃውን ስወርድ ግድግዳ ጠፋ። መተላለፊያ የለ፣ በር የለ፣ ከዳር እስከ ዳር ነጥብ ብቻ። መጀመሪያ የተበላሸ መስሎኝ ልዘጋው ነበር። ከዚያ ሥሩ «የጨው ሜዳ» የሚል ጽሑፍ አየሁ። ከሰርዶ ማዶ ያለውን ሜዳ አይተሽ መሆን አለበት የሠራሽው። ያቺ የኔ «ሰ» መሀል ላይ ብቻዋን ቆማ ሳያት፣ እኔ ራሴ እዚያ የቆምኩ መሰለኝ። አንቺ ከሥራ መልስ እየተቀመጥሽ ይህን ስትሠሪ ማን አወቀልሽ? ያቺ ባንዲራ ከቁመቷ የሚበልጥባት ልጅ ይህን ሁሉ በሆዷ ይዛ ነው የምትዞረው እያልኩ ገረመኝ።

እዚያው ሜዳ ላይ ዘንዶ ገደለኝ። አሰፋሽ ከኋላዬ ቆማ ታይ ነበር፤ ጨዋታው የሟቹን ከረጢት ሲዘረዝር ዘጠኝ የፈውስ ብልቃጥ ተገኘ፣ ሁሉም ያልተከፈቱ። ጆሮዬ ሥር ጮኻ «ለምን አልጠጧቸውም?» አለችኝ። «ለባሰ ቀን ነው» አልኳት። «ከመሞት የባሰ ምን ቀን ነበር?» ብላኝ ሄደች። ሴትዮዋ አፍ አላት።

እኔ ግን እንዲህ ሆኜ ነው ያደግሁት፣ ኮከብ። መለዋወጫ የሚጨርስ የባቡር ሰው የለም። በወጣትነቴ መጋዘን ውስጥ አንዲት የሐዲድ መጋጠሚያ ብረት ቀርታኝ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ይሄ ሹም፣ ያ ሹም «ስጠን» ሲለኝ «የለም» እያልኩ ደበቅኋት። አንድ ክረምት ጎርፍ መጣና ሐዲዱን በጠሰው፤ ሰው የጫነ ባቡር ከወዲያ ቆመ። ያቺን መጋጠሚያ አውጥቼ ነው ያሳለፍነው። ከዚያ ወዲህ ማስቀመጥን እንደ ጸሎት ይዤዋለሁ።

ስለ እግሬ እውነቱን ልንገርሽ፣ ትንሽ አብጣለች። ክኒኑን ስድስት ቀን ዋጥኩና ሲሻለኝ የቀረውን መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት፤ ለባሰ ቀን ይሆናል። አሰፋሽ ቁስሉን ስትጠርግልኝ ፊቷን ታዞራለች፣ ሽታው ሳይሆን አይቀርም። እኔን ግን ምንም አያመኝም። ካላመመኝ ምን አስጨነቀኝ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። አሥራ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ምን አለ? እደርስበታለሁ ብዬ አላስብም። ሳላውቀው እንዳልቀር በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ጻፊልኝ።

ጋሽሽ ቢያድግልኝ


ሰመራ፣ ኅዳር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዛሬ ጠዋት ነው። የከድሩ መኪና ገዋኔ ላይ ተሰብሮ አሥራ ስምንት ቀን ቆሞ ነበር። ያን ሁሉ ቀን እኔ እዚህ ሻይ እየጠጣሁ፣ የእግርዎ ነገር እዚያ በሹፌር ኪስ ውስጥ ተጣጥፎ ይጠብቀኝ ነበር።

ወዲያው ለአሰፋሽ ደወልኩ። «የእግር ጣቶቻቸው ጠቁረዋል፣ ሐኪም ቤት አልሄድም ብለዋል» አለችኝ። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ጓደኛዎ ጋሽ ይገዙ እግራቸው ተቆርጦ በወሩ ስለሞቱ ነው። እሳቸው የሞቱት ስለሄዱ ሳይሆን ዘግይተው ስለሄዱ መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ።

ፍላሿን ከፍቼ አየሁ። አርባ ሦስት ጊዜ ሞተዋል። በሠላሳ አንዱ ከረጢትዎ ውስጥ ያልተከፈተ ፈውስ ነበር። ተቀምጬ አንድ በአንድ ቆጠርኩት፣ እያለቀስኩ ነው የቆጠርኩት። የገደለዎት ዘንዶው አይደለም፣ ጋሼ። ያንን ጉድጓድ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እያንዳንዱ ብልቃጥ ለምን እንደተቀመጠ የማውቀው እኔ ነኝ። «የባሰ ቀን» የሚባል ፎቅ አልሠራሁም።

አያመኝም ብለዋል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። በጨዋታው ደምዎ ስንት እንደቀረ ከታች በቁጥር ተጽፎ ያያሉ። እግርዎ ላይ ግን ቁጥሩ ሕመም ነበር፣ እሱንም ስኳር ሰርቆብዎታል። በጨለማ ነው የሚዋጉት።

ስለ መጋጠሚያዋ የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ሦስት ዓመት ደበቋት። ጎርፉ ሲመጣ ግን አወጧት። ለሚቀጥለው ጎርፍ ብለው ባቡሩን አላስቀሩትም። ጎርፉ መጥቷል፣ ጋሼ። ያውጧት።

ከድሩ ወደ ገላፊ ስለሚያልፍ ይህን የያዘው የሚኒባስ ሾፌር አብርሽ ነው። እርስዎን ሳይጭን ከበርዎ እንዳይነሳ አስምዬዋለሁ፤ ናዝሬት ሆስፒታል በር ድረስ ያደርስዎታል። መሳቢያ ውስጥ ያለውን ክኒን ለሐኪሙ ያሳዩት፣ ከራስዎ አይጀምሩት። እኔ ቅዳሜ እደርሳለሁ። እስከ ቅዳሜ ግን አይጠብቁኝ።

አሥራ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያለውን አልነግርዎትም። የጠየቁኝ ለመሄድ እየተሰናዱ እንደሆነ ገብቶኛል። ወርደው በዓይንዎ ይዩት። እኔ ከእርስዎ ሌላ ጉልበቱን የምስመው ሰው የለኝም።

ኮከብ


አዋሽ፣ ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኮከብ፣ ለጉድጓዱ ባለቤት።

ሰላምታዬ ደጅሽን ሞልቶ ይትረፍ። ጥምቀት እንዴት አለፈልሽ? እኔ በአሰፋሽ ትከሻ ተደግፌ እስከ ታቦቱ ማደሪያ ሄጄ ተመለስኩ።

መጥተሽ አይተሽኝ ሄደሻል፣ ግን ያልነገርኩሽ አለ። ያን ቀን አብርሽ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረቀትሽን ሰጠኝ። በሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት። መኪናው ሙሉ ነበር፣ ሰዉ በሙቀት ያጉረመርማል። ስጨርስ «አልሄድም» ልለው አፌን ከፈትኩ። ሀምዳ የምትባል የዱብቲ ሴትዮ፣ ስሟን የነገረችኝ ኋላ ነው፣ ከፊት ወንበር ወርዳ ቦታዋን ለቀቀችልኝና በእጇ «ግባ» አለችኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ለሰው ባቡር ሳስነሳ ኖሬ፣ እኔን ሳይጭን አልሄድም ብሎ የቆመ መኪና ግን ያን ቀን አየሁ። አሮጌ የባቡር ቆቤን አደረግሁና ገባሁ። ክኒኑንም ከመሳቢያው ይዤ።

ሐኪሙ ሁለት ጣት ወሰደ። «በሳምንት ቢዘገዩ ጉልበትዎ ድረስ ነበር» ብሎ በወረቀት ጻፈልኝ፤ ወረቀቱን አስቀምጬዋለሁ፣ እሱን እንኳ ማስቀመጥ ይፈቀድልኝ። ቅዳሜ አልጋዬ አጠገብ ስታለቅሺ ነቅቼ ነበር። ዓይኔን ግን አልገለጥኩም።

የታዘዘልኝን አዲስ ክኒን ትናንት ጨረስኩ። ባዶውን የክኒን ማሸጊያ ፖስታው ውስጥ ታገኚዋለሽ፤ ቁጠሪው፣ አንድም አልቀረም። አሰፋሽ ምስክር ናት፣ እየጮኸች ነው ያስዋጠችኝ።

አሁን ደግሞ ዋናውን ልንገርሽ። ትናንት አሥራ አንደኛው ፎቅ ገባሁ።

ፍል ውኃ ነው። እንፋሎቱ በየእርምጃው ደሜን ይቀንሳል። ጠባብ መተላለፊያ አገኘሁና እንደ ልማዴ ጥግ ይዤ ቆምኩ። ከጨለማው ውስጥ «ሀ» መጣች። በትሬን ያዝኩ። ሳትነካኝ አለፈች። ከኋላዋ «ለ» መጣች፣ ከዚያ «ሐ»፣ ከዚያ «መ»። ሁሉም በተራቸው፣ ተያይዘው፣ ፍጥነታቸው እኩል። እንደ ጭነት ባቡር ነው የሚያልፉት። እጄ ሳላዘው ባንዲራ ሊይዝ ተነሣ። እንባዬ መጣ ብልሽ አታፍሪብኝ። መስመሩ ከተዘጋ ወዲህ ፊቱ ቆሜ ያሳለፍኩት ባቡር አልነበረም።

እንፋሎቱ ይገድለኛል፣ ቁጥሩ ይወርዳል። ዘጠኝ ብልቃጥ ነበረኝ። ግማሽ ሲደርስ ከፈትኩ፤ «ረ» አለፈች። ደግሞ ከፈትኩ፤ «ተ» አለፈች። ለአንዱም አልሳሳሁም። ቆጥቤ ቢሆን «ሰ» ላይ፣ በራሴ ፊደል ላይ እወድቅ ነበር። የመጨረሻዋን ብልቃጥ «ጸ» ላይ ጠጣኋት፣ ከዚያም «ፀ»፣ «ፈ»፣ «ፐ»። ሠላሳ ሦስቱም አለፉ። መስመሩ ባዶ ሆነ። ያኔ ሞትኩ።

አብሬ የላክኋትን ፍላሽ ስትከፍቺ አርባ አራተኛው ሞቴ ላይ ከረጢቴን እይው። ባዶ ነው።

ነገ ጠዋት አሥር ነጥቤን እንደገና አካፍላለሁ፣ ስድስቱን ጽናት ላይ። ስለ አሥራ ሁለተኛው ፎቅ የለመንኩሽን ተይው፤ እንዳትነግሪኝ። ወርጄ አየዋለሁ።

ጋሽሽ ቢያድግልኝ፣ ባለ ስምንት ጣቱ